ሰባት እርምጃ

ልጁ ንግሥቴን የወሰደ ጊዜ ከመቀመጫው ተነሣ። ጓደኞቹ አጨበጨቡ፤ አንዷ እልልታዋን አቀለጠችው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። የወጣቶች ፕሮግራም አልቆ፣ ወንበሮቹን ለእሑድ ደርድረን፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ቼዝ ዘርግተናል። ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ቼዝ ከጀመረ ሁለት ወር አልሞላውም። እኔ አስተማሪው ነኝ፤ ከሰሌዳው ጋር ከተዋወቅሁ አሥር ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ ንግሥቴን መውሰዱ ለክፍሉ ሁሉ ትልቅ ዜና ነበር።

እኔ ግን አልደነገጥኩም። ስጠብቀው የነበረ ነገር ነው። ቢሾፔን አንሥቼ ኤፍ7 ላይ ያለውን ወታደር በላሁና «ቼክ» አልኩ። ንጉሡ የሚሸሽበት አንድ ቤት ብቻ ነበረው፤ ወደዚያው ሄደ። ሁለተኛውን ፈረሴን ዲ5 ላይ አስቀመጥኩ። ቼክሜት። ገና ሰባተኛው እርምጃ ላይ ነን። ልጁ እንደ ቆመ ነው፤ ንግሥቴም እጁ ውስጥ ናት።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ፈተና ይሆናል አልኩ። በሁለተኛውም አልመጣም። እሑድ ከእናቱ ጋር ሲገባ አየሁት፤ አምልኮው ሲያልቅ ግን እኔ በቆምኩበት በር ሳይሆን በሌላው ወጣ። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው ነገሩ ከፈተና ጋር እንደማይገናኝ ልቤ የነገረኝ።

ቼዝ ለማታውቁት ወጥመዱን በአጭሩ ልግለጽ። ጥቁሩ በቢሾፑ የነጩን ፈረስ ያስረዋል። ፈረሱ ከተነሣ ከኋላው ያለችው ንግሥት ትጋለጣለች፤ ስለዚህ ጥቁሩ ፈረሱ አይነሣም ብሎ ተማምኗል። ነጩ ያነሣዋል። ጥቁሩ ንግሥቲቱን ሲወስድ፣ በአንድ ቢሾፕና በሁለት ፈረስ ንጉሡ እመሐል ሰሌዳው ላይ ያልቅለታል። ስሙ የሌጋል ማት ይባላል። ሌጋል በ18ኛው መቶ ዘመን በፓሪስ ይጫወት የነበረ ሰው ነው፤ የታላቁ የፊሊዶር አስተማሪ ነበር። እሱም አስተማሪ መሆኑን ያነበብኩ ቀን ትንሽ ተጽናንቼ ነበር። የወጥመዱ ሆድ ዕቃ ግን ይህ ነው፦ የሚሠራው ተጋጣሚህ ሲደሰት ነው። ካልተደሰተ፣ ቆም ብሎ ካሰበ፣ ንግሥቲቱን አይነካትም።

ወደዚህ እንዴት እንደ ደረስኩ ልንገራችሁ። ቼዝ የተማርኩት በዩኒቨርሲቲ ዶርም ነው፤ መብራት በጠፋ ማታ፣ በሻማ። እንደ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የለመድኩት ባለ አራት እርምጃውን ነው፤ ንግሥትና ቢሾፕ ቶሎ አውጥቶ ኤፍ7 ላይ መጨረስ። ሁለት ሳምንት ዶርሙን ሁሉ አሸነፍኩበት። ከዚያ ሁሉም መልሱን ለመዱና ንግሥቴን እንደ ሌባ ከቤት ቤት ያሳድዷት ጀመር። እሷ ስትሸሽ እነሱ ፈረሶቻቸውንና ቢሾፖቻቸውን አውጥተው ይጨርሳሉ፤ የእኔዎቹ ገና ከአልጋ አልወረዱም።

ያኔ «መክፈቻ መማር አለብኝ» አልኩ። መክፈቻ ማለት የጨዋታው የመጀመሪያዎቹ አሥር ወይም አሥራ አምስት እርምጃዎች ናቸው፤ ስም ያላቸው፣ መጽሐፍ የተጻፈላቸው። እኔም የመረጥኩት ትልቁን ነው፤ የሲሲሊያን መከላከያ፣ ያውም ናይዶርፍ የሚባለውን ቅርንጫፍ። ቦቢ ፊሸርና ጋሪ ካስፓሮቭ ከተጫወቱት ለእኔ ምን ያንሰኛል? አሥራ አምስት እርምጃ በቃሌ ያዝኩ። ችግሩ የዶርም ጓደኞቼ ናይዶርፍን አለማንበባቸው ነው። አራተኛው እርምጃ ላይ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ያደርጋሉ። ያደረጉት ስሕተት ነው፤ ለምን ስሕተት እንደሆነ ግን ስለማላውቅ በእነሱ ስሕተት እኔ እሸነፋለሁ።

መክፈቻው ነው ጥፋተኛው ብዬ ቀየርኩ። የንጉሥ ጋምቢት ሞከርኩ፤ ሦስት ሳምንት። የንጉሥ ሕንዳዊ መከላከያ፤ አንድ ወር። እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን ከቼዝ በፊትም አውቀዋለሁ። በየመስከረሙ መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት ልጨርስ ብዬ እነሣና ኅዳር ሳይገባ ዘሌዋውያን ውስጥ እቀራለሁ። ዘፍጥረትን ግን ጠይቁኝ! አንድ ነገር ደጋግሞ የጀመረ ሰው መጀመሪያውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል፤ መሐሉ ሁልጊዜ እንግዳው ነው።

ነጭ በመጀመሪያው እርምጃ 20 ምርጫ አለው። ጥቁርም 20። ሁለቱ አንድ አንድ ጊዜ ተጫውተው ብቻ 400 የተለያየ አቀማመጥ ይወጣል። እኔ ይህን በቃል ልይዝ ነበር የተነሣሁት። በመጨረሻ ሲደክመኝ ወደ ወጥመዶች ሄድኩ፤ አጭር ናቸው፣ አይረሱም፣ ደግሞም ሰው ፊት ያምራሉ። አስተማሪ ሆኜ ወደ ሐረር ስመለስ በሻንጣዬ ከመጽሐፎቼ ጋር ስድስት ሰባት ወጥመድ ይዤ ነበር።

በዚያ ሳምንት ሰኞ ወደ ሸዋ በር ወረድኩ። የልጁ እናት ገበያው ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። «ልጅሽ የት ጠፋ?» አልኳት።

«ቼዙን ተወ» አለችኝ። «ከካርቶን የሠራትን ሰሌዳ ለእኅቱ ሰጣት። እሷ ደግሞ ዕቃ ዕቃ ትጫወትባታለች።»

ልጁ ራሱ ከመደቡ ጀርባ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ መሸነፍ የተዘጋጀ ትምህርት ነበረኝ፤ ሦስት ነጥብ ያለው። የመጀመሪያውን ነጥብ ሳልጨርስ አቋረጠኝ። «ጋሼ፣ መሸነፉ አይደለም። እኔ እየተጫወትኩ ነበር። አንተ ግን ትጠብቀኝ ነበር።» (የሐረር ልጅ ነው፤ አንቱታ ብዙም አናውቅም፤ ውሸትም ያን ያህል አናሽሞነሙንም።)

ዝም አልኩ። ቀጠለ። «ንግሥትህን ስወስድ እንደምደሰት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኩት።

እናቱ ቲማቲም እየመዘነች ሁሉንም ትሰማለች ለካ። ወደ እኛ ሳትዞር «እዚያው ሂድና ንገረው፤ በሳቁበት ፊት» አለች።

ቅዳሜ ልጁ መጣ፤ ከኋላ ተቀመጠ። ከፕሮግራሙ በኋላ ክፍሏ ውስጥ ቆሜ ነገሩን ተናገርኩ፦ ሁለት ወር ከተማረ ልጅ ጋር የተጫወትኩት እናንተን ለማሳቅ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ስብከት አላደረግሁትም። ልጁ ራሱን ነቀነቀና መጥቶ ሰሌዳው ፊት ተቀመጠ። «እሺ፣ ያንን ነገር አሳየኝ» አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፤ አንዳንድ ወጣቶች ይህን ታሪክ ስነግራቸው «ስለዚህ ወጥመድ ኃጢአት ነው?» ብለውኛልና። አይደለም። በቼዝ የተደበቀ ካርታ የለም፤ ሁሉም ነገር በሁለቱም ዓይን ፊት ነው፤ ያላየ ያላየው ስላልተመለከተ ነው። እኩያህ በወጥመድ ቢገባልህ ደግ አደረግህ። የእኔ ጥፋት ሌላ ነበር። እሱ ለመማር ተቀምጦ ሳለ እኔ ለመታየት ተቀምጬ ነበር።

ወጥመዱን እርምጃ በእርምጃ ዘረጋሁለት። ኢ4፣ ኢ5። ፈረስ ኤፍ3፣ ዲ6። ቢሾፕ ሲ4፣ ቢሾፕ ጂ4። ፈረስ ሲ3፣ ጂ6። አሁን ነጩ ፈረሱን አንሥቶ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር ይበላል፤ ንግሥቲቱ ተጋለጠች። ልጁ ብዙ ጊዜ አየው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር የሚያየው፤ እንዳይነካ ይመስለኛል። ከዚያ የጥቁሩን የጂ ወታደር ወደ ቦታው መለሰና በምትኩ የጥቁሩን ፈረስ ሲ6 ላይ አስቀመጠ።

«ጂ6ን ትቶ እንዲህ ቢጫወትስ?» አለኝ።

ሞከርነው። ነጩ ኢ5ን በፈረስ ይበላል፤ ጥቁሩ ንግሥቲቱን አይወስድም፤ ይልቅ ሲ6 ላይ ያለው ፈረስ የነጩን ፈረስ ይበላዋል፤ ከዚያው ቆሞም ጂ4 ላይ ያለውን የራሱን ቢሾፕ ይጠብቃል። አለቀ። ነጩ አንድ ፈረስ በአንድ ወታደር ሸጧል። ወጥመዱ በአንድ ፈረስ ፈረሰ።

አሥር ዓመት ሙሉ የተጠቀምኩበት ነገር ነው። ለምን እንደሚሠራ ጠይቄው ስለማላውቅ መቼ እንደማይሠራም አላውቅም ነበር። እሱ በሃያ ደቂቃ አገኘው። «ይህን አላውቅም ነበር» አልኩት። ክፍሉ እንደገና ሳቀ፤ በዚህ ጊዜ በእኔ ነው፤ ልጁም ሳቀ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ መክፈቻ አብረን ለመማር ተስማማን። የትኛውን? ይህ ጥያቄ በእናንተም መካከል ቼዝ የሚወዱትን እንደሚያደክማቸው አውቃለሁ፤ በየስልኩ ላይ «ይህን መክፈቻ ይዘህ ሁሉንም አሸንፍ» የሚል ቪዲዮ አለና። ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም ሲወጣ ሳኦል የራሱን የጦር ልብስ አለበሰው። ዳዊት ሊራመድበት ሞከረና አልለመድኩትም ብሎ አወለቀው። ልብሱ መጥፎ አልነበረም፤ የንጉሥ ልብስ ነው። ናይዶርፍም መጥፎ አይደለም፤ የካስፓሮቭ ልብስ ነው። እኔ ውስጡ ጠፍቼ ነበር እንጂ።

ልጁ የራሱ ሐሳብ ነበረው። የለንደን ሥርዓት የሚባለውን አይቷል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1922 በለንደን ከተደረገው ውድድር ነው። ጥቁሩ ምንም ቢያደርግ ነጩ ወታደሮቹንና ቢሾፑን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት አድርጎ ይደረድራል። ለደካማ ሰው ዕረፍት ነው፤ መጥፎም አይደለም። ግን እኔ የጀጎልን በሮች አሰብኩ።

አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን እንዳሠራው በሚነገረው ግንብ ላይ አምስት የጥንት በሮች አሉ፤ በኋላ ለመኪና የተከፈተውን ሳንቆጥር። ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር እንላቸዋለን፤ ሐረሪዎች ደግሞ በቋንቋቸው የየራሳቸው ስም አላቸው። እኛ የአዲሱ ከተማ ልጆች ሁልጊዜ የምንገባው በሸዋ በር ነው። አንድ ቀን በኤረር በር በኩል ብገባ፣ ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ ጠፋሁ። ከ300 በላይ ጠባብ መተላለፊያ ያለበት ከተማ ነው፤ በሁለት ግንብ መካከል ትገባና ሰማይ ብቻ ታያለህ። ያወጣኝ አንድ አህያ የሚነዳ ልጅ ነው። መተላለፊያዎቹን ቆጥሮ አልነበረም የሚሄደው። ዋናው መንገድ ወዴት እንደሚያመራ ያውቃል፤ ከየበሩ የሚነሡት ትልልቆቹ መንገዶች ወደ መሐል ናቸው፤ መሐሉን የያዘ ሰው ወደ ፈለገበት በር ይወጣል። (ፈረስ መጋላ ደርሰን ተለያየን። የፈረስ ገበያ ማለት ነው፤ ለቼዝ ተጫዋች ከዚህ የተሻለ አደባባይ የት ይገኛል?)

ስለዚህ ብዙ ዓይነት ጨዋታ የሚያሳየንን፣ ግን ምክንያቱ የሚገባንን መክፈቻ ፈለግን። የጣሊያንን መረጥን። ኢ4፣ ኢ5፤ ፈረስ ኤፍ3፣ ፈረስ ሲ6፤ ቢሾፕ ሲ4፣ ቢሾፕ ሲ5። ጣሊያኖች ይህን «ጸጥ ያለ ጨዋታ» ይሉታል። እያንዳንዱ እርምጃ ሲጠየቅ ይመልሳል። ወታደሩ ለምን ኢ4? መሐሉን ለመያዝ፣ ለቢሾፑና ለንግሥቲቱም መንገድ ለመክፈት። ፈረሱ ለምን ኤፍ3? ኢ5 ያለውን ወታደር ለማስፈራራት። የጥቁሩ ለምን ሲ6? ያንኑ ለመጠበቅ። ቢሾፑ ለምን ሲ4? ንጉሡ ብቻ የሚጠብቀውን ኤፍ7ን ለማየት። ከዚያ ንጉሡን ከሩኩ ጋር አሻግሮ ጥግ ማስያዝ። የአሥር ዓመት ሕፃን ሊያስረዳው ይችላል። የስፔኑ መክፈቻም ፈትኖን ነበር። ከእሱ የሚለየው ቢሾፑ አንድ ቤት አልፎ ቢ5 ላይ መቀመጡ ብቻ ነው። በስሙ የሚጠራበት ሩይ ሎፔዝ ቄስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1561 የቼዝ መጽሐፍ አሳትሟል። ለቤተ ክርስቲያን ክፍል ይሄ ይስማማል ብለን ሳቅን፤ ግን ለሌላ ጊዜ አቆየነው።

አጠናናችን ቀላል ነበር። አንድ ደብተር ገዛን፤ መስመር ያለው፣ የተማሪ። እንጫወታለን። ስንጨርስ፣ ያሸነፈም የተሸነፈም፣ «የማናውቀው ነገር የመጣው ስንተኛው እርምጃ ላይ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ያቺን አንዲት እርምጃ ብቻ ስልክ ላይ እናያለን፤ የሚሻለውን መልስ ከነምክንያቱ እንጽፋለን። ምክንያቱን በራሳችን ቃል መጻፍ ካልቻልን እርምጃውን አንጽፍም፤ ይህን ሕግ ያወጣው ልጁ ነው። አንዳንድ ሳምንት የምንጽፈው አንድ መስመር ነው። በስድስት ወር ውስጥ ደብተሩ ግማሽ አልደረሰም፤ ያለውን ግን ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁን እንመልሳለን። ለጥቁርም እንዲሁ አደረግን፤ ኢ4 ሲመጣ ኢ5፣ ዲ4 ሲመጣ ዲ5፣ መሐሉን ፊት ለፊት መያዝ። ሁለት መልስ፣ በቃ።

በመካከሉ ከሽማግሌዎች አንዱ ወደ ክፍሏ ብቅ ብለው «ይህ ነገር ኋላ ቁማር አያመጣም?» አሉን። ዳይ የለውም፣ ካርታ የለውም፣ ዕድል የለበትም ብዬ አስረዳሁ። ትንሽ ቆመው አዩና «ፈረሱን እዚያ ለምን አታደርገውም?» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠየቀንም።

አንድ ቅዳሜ ልጁ «ቼዝ የፈረንጅ ነው አይደል?» አለኝ። አይደለም አልኩት፤ ግን ብዙ የምለው አልነበረኝም። ሄጄ አነበብኩ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለ ኢትዮጵያ ቼዝ ታሪክና ሕግ እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፉትን ጽሑፍ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በስልክ ላከልኝ። ስሙ ሰንጠረዥ ነው፤ ያው ዛሬ በሒሳብ ደብተር ላይ መስመር ስናሰምር የምንጠራው ቃል። አፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱ ነበር። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 አይቷቸዋል። ዋልተር ፕላውደን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስልም ሕጉን በዝርዝር ጽፎታል። ሰሌዳው እንደዛሬው ነጭና ጥቁር ያልተዥጎረጎረ፣ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር የተሰፋበት ነበር። በንግሥት ፈንታ ፈርዝ አለ፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። በቢሾፕ ፈንታ ፊል፤ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል።

እኔን ያስቆመኝ ግን የመክፈቻው ነገር ነው። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የለም! ሁለቱም ባንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደ ፈጠነ፣ የፈለጉትን ያህል እርምጃ ያደርጋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይቀይራል፤ ያስቀመጠውን መልሶ ያነሣል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ነው በተራ የሚሆነው። ስሙም ወረራ ይባላል። ይህ ቃል ለሐረር ሰው ቀላል አይደለም። ከዚህ ከተማ የኢማም አሕመድ ጦር ወጥቷል፤ ወደዚህ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የምኒልክ ጦር ገብቷል። በጀጎል ውስጥና ውጭ ያለን ሰዎች ቃሉን ስንሰማ የምናስበው የተለያየ ነው። ለልጆቹ ስነግራቸው ስለዚህም ትንሽ አወራን።

ከዚያ ሞከርነው። በተለመደው ሰሌዳ፣ ንግሥቲቱን ፈርዝ፣ ቢሾፖቹን ፊል ብለን። ክፍሏ ገበያ ሆነች። በስልክ ሰዓት ሲጫወቱ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ልጆች እዚህ ከሁሉ ቀደሙ። ተመልካቾቹም አላረፉም፤ በጥንቱም ዘመን ዳር ያሉት ያግዙና ይከራከሩ ነበር ብያቸው ስለነበር ፈቃድ ያገኙ መሰላቸው። እኔና ልጁ ተቀመጥን። እኔ እንደ ልማዴ የጣሊያንን አሰላለፍ በፍጥነት ደረደርኩ። ቀና ስል ልጁ የእኔን ሰሌዳ እያየ ነው። አንድ ወታደር ያንቀሳቅሳል፣ እኔን ያያል፣ ይመልሰዋል፣ ሌላ ያንቀሳቅሳል። እኔ ደብተሩን እየተጫወትኩ ነበር፤ እሱ እኔን።

ያም ሆኖ በመሐል ጨዋታው ተሳሳተና ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ለቀምኩበት። እንዳልሳቀቀው እየተጠነቀቅሁ ነበር፤ ግን ያሸነፍኩ መሰለኝ። ያኔ ከተመልካቾቹ አንዷ ሕጉን አስታወሰችኝ፤ እኔው ነበርኩ ያነበብኩላቸው። በሰንጠረዥ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግ አይቻልም። ተቃዋሚህን ሁሉንም ነጥቀህ ባዶ ካስቀረኸው ድል የለም። ደግሞም በሩክና በፈረስ መጨረስ እንደ ችሎታ አይቆጠርም፤ የሚደነቀው በፊል፣ በፈርዝ ወይም በወታደር የጨረሰ ነው። ልጁ ከንጉሡ ሌላ አንድ ሩክ ነበር የቀረችው። ልበላት እጄን ዘርግቼ ነበር። እጄን ሰበሰብኩ። ያቺን ሩክ ትቼለት፣ እሷ እየተሟገተችኝ፣ በትንንሾቹ ጠጠሮቼ ንጉሡን ጥግ ለማስያዝ ግማሽ ሰዓት ለፋሁ። አልቻልኩም። አቻ ወጣን። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የወጣሁበት ጨዋታ የለም። ልጁም በእኛ በር ወጣ።

አሁን ልጁ አሥራ ስድስት ሞልቶታል። የካርቶን ሰሌዳዋን ከእኅቱ አስመልሷል፤ በምትኩ ቁጥር እያስተማራት እንደሆነ እናቱ ነገረችኝ። የእኔ መስከረም እንደ ድሮው ነው፤ ዘንድሮ ግን ዘኍልቍ ደርሻለሁ። ደብተሩ አልሞላም።

ባለፈው ቅዳሜ በተለመደው ቼዝ፣ በጣሊያን መክፈቻ፣ ጥቁር ሆኖ አሸነፈኝ። መክፈቻው ላይ ስሕተት አልሠራሁም፤ እስከ አሥራ አንደኛው እርምጃ ሁለታችንም ምክንያቱን እያወቅን ተጫወትን። የተሸነፍኩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ለሁለታችንም አንድ አንድ ሩክና ጥቂት ወታደር ቀርቶን ሳለ። ካፓብላንካ እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመውን የቼዝ መማሪያ የጀመረው ከመክፈቻ ሳይሆን ከጨዋታ መጨረሻ ነው፤ ለምን እንደሆነ አሁን ሳይገባኝ አልቀረም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በስልኬ እያነበብኩ ነው። ልጁ ጠጠሮቹን ወደ ሳጥኑ እየመለሰ «ቅዳሜ ነጩ የእኔ ነው» ብሎኛል።